በበር የማይወጣው ቡፌ

የመጀመሪያውን ጣውላ በመዶሻዬ ጀርባ ይዤ ስፈለቅቀው ሚስማሩ ሲጥ አለና ሽታው ወጣ። የዋንዛ ሽታ ነው። እኔ አናጢ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ሳሸት ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን የሸተተኝ ግን እንጨት ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሩ ላይ ቆማ «ሰፋ አድርገው እንጂ፤ የልጅቷ ዕቃ ገና ነው የሚመጣ» ስትለኝ አብሮ የነበረው ሽታ ነው። ይህን ቡፌ የሠራሁት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ። እንደ ጨረስኩ በበር እንደማይወጣ ለፋጡማ ብነግራት ሳቀችና «ወዴት ሊወጣ ነው ታዲያ?» አለችኝ። ይኸውና ልጃችን ሉባባ ይውጣልኝ ስላለች፣ በበር አልወጣ ያለውን በሠራሁበት እጄ አፈርሰው ጀመር።

ሙያውን ደሴ ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ተምሬ ስመለስ፣ መካነ ሰላም ውስጥ አናጢ የሚፈለገው ለበርና ለመስኮት ብቻ ነበር። ሰዉ የቤት ዕቃ አልነበረውም። አለው የሚባል ነጋዴ ቤት ብትገባ እንኳ የምታየው የጭቃ መደብ፣ በላዩ አጎዛ፣ ጥግ ላይ ጠፍር አልጋ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ ፋኖስ ነው፤ በቃ። ልብስ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ብዙም ስላልሆነ ገመዱ አይረግብም። ኮንጎ ጫማ የገዛ ጎረምሳ የገበያ ቀን ጭቃ እንዳይነካበት አውልቆ በእጁ ይዞት ይሄዳል፤ ዓላማው መታየቱ ነውና በእግርም በእጅም ያው ነው። አውቶቡስ የሚቆምበት ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሻይ በስሙኒ የሚሸጥበት አንድ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ቴፕ ነበረው፤ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት ዘፈን ያሰማናል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ይሆናል። ያኔ ባለቤቱ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ እኛም የቀዘቀዘ ሻያችንን ይዘን ድንጋይ እስኪሞቅ እንጠብቃለን። ይህን ለዛሬ ወጣቶች ስነግራቸው «እንዴት ደስ ይላል!» ይሉኛል። ደስ አይልም ነበር። የለጋምቦ ብርድ ወደ እኛ የመጣ እንደሆነ አንድ ጋቢ ለአራት ነው የምንተኛው፤ የዳሩ እየጎተተ፣ የመሃሉ እየተራገመ ያነጋል።

በዚያው ጥግ ነው፣ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት። ከገጠር ከአባቷ ጋር ማገዶ ለመሸጥ የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ጥቁር አባያዋ መሬት ይጠርጋል፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወርቅ ሆኗል፣ ሽቶዋ እሷ ካለፈች በኋላም አያልፍም። ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሻንጣና ካርቶን እየተንከባለለ ሲወርድ ሻይ ቤቱ ተነቅሎ ወጣ። ባለቤቱ ቴፑን አጠፋ። በሳምንቱ አባቷ ወደ እኔ መጣ።

«ይመር፣ መስታወት ያለው ሳጥን ሥራልኝ።»

«መስታወት ለምኑ? ሳጥን እኮ ዕቃ የሚደበቅበት ነው።»

«ይኸኛው የሚታይበት ነው» አለኝ።

ደሴ ሳለሁ የሰው ቡፌ ጠግኜ ስለማውቅ ሠራሁለት፤ ባለሁለት በር። ከዚያ ወዲያ እጄ አላረፈም። ከከላላ በበቅሎ የሚመጡልኝ፣ ከማሻ ድረስ ሰው የሚልኩብኝ አባቶች ነበሩ። ዋንዛው ከቆላው፣ ከዓባይ በኩል በአህያ ይመጣል፤ መስታወቱን ራሴ ከደሴ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በአቀስታ ብርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አመጣዋለሁ። የማን ልጅ የት እንደ ደረሰች መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ቡፌውን ማየት ነው። ባለሁለት በር ከሆነ ልጅቷ ገና ሄዳለች። ባለሦስት ከሆነ ኮንትራቷን አድሳለች። ባለአራት ከሆነ እህቷንም ወስዳታለች።

ሉባባ ይህን እያየች ነው ያደገችው፤ ከመላጊያዬ ሥር በሚወድቀው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ስትንከባለል፣ የሰው ቡፌ መስታወት ላይ ትንፋሿን እፍ እያለች በጣቷ ስትሥል። ከወለድናቸው የቀረችልን እሷ ብቻ ናት። አሥረኛ ክፍል ፈተናው አልሆን ሲላት አንድ ቀን ሱቄ ገብታ «አባ፣ የሰውን ብቻ ነው እንዴ የሚሠሩት? የኔን መቼ ነው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ከላላ የሚያስተምር፣ ጨዋ፣ ዐይን አፋር ልጅ ሽማግሌ ሊልክባት ነበር፤ ራሷ አስቆመችው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ዕቃዬን አሟልቼ፣ እንደ ሰው አገባለሁ» አለች። ለዒድ አብራን ዋለችና ከበዓሉ በኋላ ወደ ሪያድ ሄደች። ፋጡማ በዚያው ሳምንት ግድግዳውን በክንዷ እየለካች «እዚህ ጋ» አለችኝ።

ሁለቱ ዓመት አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ሄደ። ከሪያድ ሰው በመጣ ቁጥር ዕቃ ይመጣል። ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ፣ አፋቸው በወርቅ የተከበበ ብርጭቆዎች፣ እንደ ሙሽራ የተንቆጠቆጠ ቴርሞስ፣ አዛን የሚል ሰዓት፣ ውኃ የማይፈልግ አበባ። በስልክ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እማ፣ ላስቲኩን እንዳትቀጂው፤ ለሰርጌ ነው።» አልተቀደደም። ፋጡማ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይዋን እየጠጣች የወርቅ አፍ ያላቸውን ብርጭቆዎች ትወለውላለች። ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ቡፌው አናት ላይ ደርድረን እኛ ጋቢ ለብሰን እንተኛለን። አንዴ አቧራ የሚመጥ ማሽን ላከች። ወለላችን ያኔ በእበት የተለቀለቀ ነው፤ ብንሰካው ወለሉን ራሱን ይዞት ይሄድ ነበር። ፋጡማ ጨርቅ አልብሳ ጥግ አቆመችው፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ሙሽራ ትገልጠዋለች። እንግዳውም «አጃኢብ!» ይላል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ የራሱን ልጅ በሌላ ዐይን ያያታል።

የከላላው መምህር የሚችለውን ያህል ጠበቀ። ከዚያ አገባ። ሰርጉ ተጠራን፤ ፋጡማ ሄደች፣ በላች፣ መረቀች። እንደ ተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ ቡፌው ፊት ተቀመጠችና «አሁን ይኼን ሁሉ ለማን ነው የምወለውለው?» አለች። በማግስቱ መወልወሏን ቀጠለች።

በኋላ ፋጡማን የያዛት ስኳር በሽታ እግሯ ላይ ወጣ። ሉባባ ልምጣ አለች። ማዳሟ «ረመዳን ይለፍ» አለቻት። ረመዳን ሲያልፍ «ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ ፈተናው ይለቅ» አለቻት። ፓስፖርቱ ያለው ማዳሟ እጅ ነው፤ ምን ትሁን? ፋጡማ ፈተናው እስኪያልቅ አልቆየችም። ከቀብሩ በኋላ፣ ገና ሰው ከቤታችን ሳይወጣ፣ አንድ ካርቶን ደረሰ፤ ሉባባ መርዶውን ሳትሰማ የላከችው ነው። ውስጡ እግሩን ለሚያመው ሰው የሚሆን፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነጠላ ጫማ ነበረ፤ ከነላስቲኩ። እሱንም ቡፌው ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌላ የት ይቀመጣል?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሉባባ መጣች፤ ለመቅረት። ሻንጣ የላት፣ ካርቶን የላት፤ ትከሻዋ ላይ አንዲት ቦርሳ ብቻ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቷል። በረኪና የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል፤ ስትቀመጥ ወገቧን በእጇ ደግፋ ነው። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ ቡፌውን ወልውዬ፣ ብርድ ልብሶቹን ነብሩ በሚታይበት በኩል አጥፌ፣ የሙሽራ ቤት አስመስዬ ጠብቄአታለሁ። ገባች፤ አቀፈችኝ፤ ስለ እናቷ ተላቀስን። ከዚያ ቀና ስትል ቡፌውን አየችው። አባ፣ ሁሉንም ጠበቁልኝ ወይ፣ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ይኼን ሁሉ ማነው የሚያብሰው?» አለች።

«እናትሽ ነበረች። አሁን እኔ ነኝ።»

«ያ ረቢ» ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

ያን ሰሞን ሳሎን መተኛት እንቢ አለች። ማድ ቤት ፍራሽ አንጥፋ ተኛች፤ ዕቃ የሚያፈጥባት ቤት እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ጠዋት ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ፈረንጆች ናቸው። አዳራሽ በሚያህል ቤት ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ሳህን ብቻ አስቀምጠው፣ ዕቃ ቀንሶ ቀለል ብሎ መኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስተምራሉ።

«እንዲህ ነው መኖር የምፈልገው አባ።»

ሳቄ መጣ። «ሉቤ፣ ይኼ እኮ የአያትሽ ቤት ነው» አልኳት። አልሳቀችም።

በማግስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ዕቃውን ወደ ግቢ ማውጣት ጀመረች። ላስቲኩን እየቀደደች፣ ብርጭቆውን ለብቻ፣ ብርድ ልብሱን ለብቻ። ጎረቤት ሴቶች ዘንድ ሰው ልካ ኖሮ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። እኔ መጀመሪያ ቆሜ አየሁ። የወርቅ አፍ ያላቸውን ብርጭቆዎች ካርቶን ስታነሣ ግን ፋጡማ ስትወለውላቸው ታየችኝና ጮህኩ።

«ሉባባ! ዕድሜሽን እኮ ነው የምትበትኚው!»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠችው። ተመልሳ ገባችና አራቱንም የቡፌ በሮች አንድ በአንድ በረገደቻቸው።

«ዕድሜዬ እዚህ ውስጥ ነው ያለው? ይምጡ እስቲ፣ ይፈልጉልኝ። የትኛው ቴርሞስ ውስጥ ነው?» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «እኔ እዚያ አገር የሰው ቡፌ ሳብስ ነው የኖርኩት አባ። አንዲት ሲኒ ከቦታዋ ዝንፍ ካለች የሚመጣብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የማዳሜ እናት ስትሞት ማዳሜ አለቀሰች፣ እኔ የለቀስተኛውን ብርጭቆ አጠብኩ። የኔ እናት ሞተች ሲሉኝም ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን ሳላደርቅ ነው ስልኩን ያነሣሁት። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ከምጠጣበት ሌላ ብርጭቆ አላጥብም።»

ወጥቼ ሱቄ ገባሁ፤ መላጊያዬን አንሥቼ የማያስፈልግ እንጨት መላግ ጀመርኩ። ከሱቁ ሆኜ ሴቶቹ ሲወጡ ሰማኋቸው። በአንገታቸው ለምስጋና እያጎነበሱ፣ በአፋቸው ሌላ። «ምን ነክቷት ነው?» ትላለች ነብሩን የተሸከመችው። «ጅን ነዋ፤ ዐረብ አገር ይይዛቸዋል። ሼኹ ጋ ይውሰዷት እንጂ ሰውየውስ ምን ይጠብቃሉ?» ትላለች ቴርሞስ ያቀፈችው። ዕቃው ሳለ በየዒዱ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን እንግዳ ዶሮም አይገባ። ሉባባ ከዚያ ሁሉ ያስቀረችው የእናቷን ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ላስቲኩን ቀደደች፣ እግሯን ከተተች፣ ሰፋት፤ እንደ ሰፋት አድርጋው ግቢውን መጥረግ ጀመረች።

የቀረው ቡፌው ራሱ ነበር። «ባዶውንም ሳየው ሙሉ ይመስለኛል» አለችኝ። እሺ አልኩ። መስታወቶቹን በደህና አወጣኋቸው፤ ጣውላው ግን ያኔ በኮላም በሚስማርም አጥብቄው ስለነበር ሳይሰነጠቅ አልወጣ አለ። ይህን ቡፌ ለዕድሜ ልክ ነበር የሠራሁት፤ እንጨቱም ለዕድሜ ልክ ነበር የያዘው። እየተሳደብኩ ግማሹን እንዳፈረስኩ መሪጌታ አካሉ በበሩ ገባ። ጎረቤቴ ነው፤ ደብሩ ውስጥ ቅኔ ያስተምራል። አንዳችን የሌላውን ሥጋ ባንበላም በዒድ እሱ እኔ ጋ፣ በፋሲካ እኔ እሱ ጋ ሳንጠያየቅ ቀርተን አናውቅም። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አጎዛ፣ ሁለት ዱካ፣ በማኅደራቸው ሆነው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ መጻሕፍት፣ አለቀ። ለቡፌ ያልተጠራሁበት ቤት ቢኖር የሱ ቤት ነው።

«እንዴት ዋልህ ይመር?»

«አልሐምዱሊላህ። ይኸው፣ ቤት አፈርሳለሁ።»

የወደቀውን ጣውላ በእጁ ዳሰሰው። «ምን ልታደርገው ነው?»

«ማገዶ።»

«አታድርገው። ለኔ ስጠኝ።» ጉሮሮውን ጠረገና ወደ መሬት አየ። «ትርንጎ ልትሄድ ነው። እናቷም፣ እሷም፣ ከወዲሁ ዕቃ ማስቀመጫ ይኑር ብለው ያዙኝ። ፓስፖርቷ ወጥቷል። በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ናት፤ እዚያ ላይ ግን ደላሎቹ ዘሃራ ብለው ጽፈዋታል።»

ትርንጎ የመጨረሻ ልጁ ናት፤ ትናንት ከአጥራችን ሥር ኮክ ስትለቅም የነበረች። ሉባባ ከማድ ቤት ሰምታው ኖሮ እጇን እያደረቀች መጣች።

«መሪጌታ፣ አይላኳት። ስለ ማርያም ይዤዎታለሁ! ዕቃ ምን ያደርግላችኋል? እኔን ይዩኝ። ይህን ቤት ይዩት፤ ባዶ ሲሆን እንዴት ቀለል እንዳለኝ ባወቁ!»

መሪጌታ ባዶውን ሳሎን ዞር ብሎ ቃኘው። አልተቆጣም። ሰውዬው ቅኔ ሲዘርፍ እንኳ ድምፁ እንደዚያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ አንቺ ሞልቶልሽ ነው ያፈሰስሽው። እሷ ምኑን ታፍስስ? የተወለደችው እንዲህ ባለ ቤት ነው። አንቺ ቀለለኝ የምትይውን እሷ ራበኝ ነው የምትለው። እኔ አልላክኋት፤ ቤቴ ነው የላካት።»

እኔ ጎንበስ ብዬ ጣውላ መሰብሰብ ያዝኩ። መሪጌታ «ሥራውንም አንተ ብትይዝልኝ» ሲለኝ «እጄ እንቢ ብሎኛል» አልኩት፤ እውነቴን ነው። «አብሽር» ብሎ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። የሚጽናናው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ። ጣውላውን ተጋግዘን በአጥሩ ላይ አሳለፍንለት፤ ጥቂት ሰንብቶ ከማዶ የሌላ አናጢ መዶሻ ይሰማኝ ጀመር። የሚስማሩ አመታት ልክ አልነበረም፤ ሄጄ ግን አላረምኩም።

ሉባባ ዝም አላለችም። ትርንጎን ውኃ ስትቀዳ ጠብቃ፣ ገበያ ተከትላ፣ የሆነችውን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። ከሰማች በኋላ «እትዬ ሉባባ፣ አንቺ ሄደሽ አይተሽ ነው የጠላሽው። እኔም ልየውና ልጥላው» አለቻት። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ደግሞ ሌላ ነው የምትለው፤ ወሬ መቼም በዚህ ከተማ አይደበቅም። «እኔ እንደ እሷ ባዶዬን አልመጣም» ትላለች አሉ። ለካ የኛ ቤት ምሳሌነቱ ለዚህ ሆኗል።

ጉዞው ሲቃረብ ትርንጎ ራሷ በራችን ላይ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ የተገዛላትን ጥቁር አባያ ለመልመድ ከአሁኑ ለብሳዋለች፤ ጫፉ እየጠለፋት ነው የምትራመደው። ልትሰናበት የመጣች መስሎኝ ልመርቃት ተነሣሁ። እሷ ግን ወደ ሉባባ ዞረችና «እትዬ፣ ቋንቋውን ትንሽ ብታሳዪኝ ብዬ ነው» አለች። ሉባባ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ምን ትመልስላት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ የምታባርራት መሰለኝ፤ ብታባርራትም ደስ ባለኝ። እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

እኔ ደጅ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሁለቱ ሳሎኑ መሃል ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቡፌው ከወጣ ወዲህ ያ ክፍል የተነገረውን ሁሉ ይደግማል፤ ስለዚህ ጆሮዬን ሳልጥል ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

«ነዝፊ» አለች ሉባባ። «አጽጂ ማለት ነው።»

«ነዝፊ» አለች ትርንጎ።

«ሲሉሽ ‘ሓዲር’ ትያለሽ። እሺ ማለት ነው። ጎንበስ ብለሽ። አሁን አቧራ በይ፤ ጉባር።»

«ጉባር።»

«አትሳቂ። ስትስቂ የናቅሻቸው ይመስላቸዋል። እንደገና፤ ነዝፊ።»

«ሓዲር» አለች ልጅቷ፤ ባዶው ቤትም አብሯት «ሓዲር» አለ።